ማክሰኞ ማክሰኞ የሚጠገነው ቬንትሌተር

ብራስልስ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽና ለማከብርሽ እትዬ ተሻለች፤

እንደምን ከረማችሁ? አንቺ፣ ጋሼ ሽመክት፣ የከዚራ ጎረቤት ሁሉ ደህና ነው? ሙቀቱስ ጋብ አለላችሁ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን በጣም ደህና ነኝ።

ይህችን «በጣም ደህና ነኝ» ስጽፍ በራሴ ሳቅኩ። ምክንያቱን ልንገርሽ። እንደምታውቂው የምማረው የሰውን ጭንቀት በንግግር ማከም ነው። በዚህ ትምህርት ሌላውን ከማከምሽ በፊት አንቺ ራስሽ ታክመሽ ማለፍ አለብሽ። ስላመመኝ አይደለም፣ አትደንግጪ፤ የሁሉም ተማሪ ግዴታ ነው። ስለዚህ በሳምንት ሁለት ቀን ማዳም ኦዲል የሚባሉ አሮጊት ሐኪም ዘንድ እሄዳለሁ። እኔ ሶፋ ላይ እጋደማለሁ፣ እሳቸው ከኋላዬ ይቀመጣሉ፤ ፊታቸውን አላይም። ባለፈው ሳምንት «ዛሬ ብቻ አሥራ አራት ጊዜ ደህና ነኝ ብለሻል። ማን ጠየቀሽ?» አሉኝ። ሌላ ቀን ደግሞ «ሆዴ ባባ» ማለት ፈልጌ ቃል በቃል ወደ ፈረንሳይኛ ገለበጥኩት። ሴትዮዋ ተጨንቀው ምሳ ምን እንደበላሁ ጠየቁኝ።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ ልምጣ። ከሁለት ሳምንት በፊት ሶፋው ላይ ተጋድሜ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ባቡር ጣቢያው ነኝ። ትንሽ ልጅ ነኝ። በአንድ እጄ የሰው እጅ፣ በሌላው በወረቀት የተጠቀለለ ትኩስ ፈጢራ ይዣለሁ። ባቡሩ እየገባ ነው። ደስ የሚል ነገር እኮ ነው፤ ግን እያወራሁት እንባዬ ወረደ፣ ማቆምም አቃተኝ። ማዳም ኦዲል «ማንን ነበር የምትጠብቂው?» አሉኝ። አላውቅም አልኳቸው።

አንቺ ታውቂያለሽ? አባቴ ሲሞት ስንት ዓመቴ ነበር? ያኔስ ምን ተባልኩ? እናት የሌለኝን ልጅ አንቺና የአባቴ ወንድም ጋሼ አሳደጋችሁኝ፤ ይህን ሁሉ ዓመት አንድ ቤት ኖረን አንድም ቀን አላወራንበትም።

ስልክ ላይ ያልጠየቅኩሽ፣ ስልክ ላይ የእኛ ነገር ሰላምታ ብቻ ሆኖ ስለሚያልቅ ነው። በዚያ በሚያምር የአስተማሪ እጅሽ ጻፊልኝ፤ ዓኒሳ በሱቋ በኩል ስታልፊ ፎቶ አንስታ ትልክልኛለች። ጋሼ ሽመክትም ቢጨምርበት ደስታዬ ነው።

ጉልበታችሁን ስሜያለሁ።
ልጃችሁ የምሥራች ሣህሉ


ድሬዳዋ፣ ኅዳር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለየምሥራች፤

የሰማዩ አባት በሄድሽበት ይቅደምልሽ፣ በተመለስሽበት ይከተልሽ። እኛ ደህና ነን። ስንት ጊዜ እንዳልኩት ለሐኪምሽ ቁጠሪላቸው።

ደብዳቤሽ ደረሰኝ። ዓኒሳ ከስልኳ በወረቀት አትማ አመጣችልኝ፣ መነጽሬን አድርጌ አነበብኩት። ያልገባኝ ነገር ቢኖር የሴትየዋ አቀማመጥ ነው። ሰው ሊያጫውቱ ከኋላ መቀመጥ ምን የሚሉት ነው? ምን ብታስቀይሚያቸው ነው ፊት የነሱሽ? እዚህ ለእንግዳ ጀርባ የሰጠ ሰው ዓመት ይታማል።

ከዚህ ወዲያ የሚነገር ወሬ፣ የዓኒሳ ሱቅ አዲስ ቀለም ተቀባ፣ ቢጫ ነው፣ ዓይን ይወጋል። የደቻቱ ወንዝ ባለፈው ወር ሞልቶ ነበር፣ ሰው ግን አልጎዳም። የጎረቤታችን የዚነት ልጅ አገባች፤ ሠርጉ ላይ በአራት ቋንቋ ተዘፍኖ በአምስተኛው ተጨፈረ። ጉልበቴን ስለሚይዘኝ፣ ያን ባለፈው የላክሽልኝን ቅባት ሰው ሲገኝ ላኪልኝ።

አባትሽ ሣህሉ ነፍሱን ይማርና፣ ሲሞት ስድስት ዓመትሽን ልትደፍኚ ሁለት ወር ቀርቶሽ ነበር። ልጅ ነበርሽ። የልጅ ነገር ደግሞ ይረሳል። በርቺና ትምህርትሽን ጨርሺ።

እናትሽ ተሻለች


ብራስልስ፣ ኅዳር 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ እትዬ ተሻለች፤

ጤናሽ እንደ እጅ ጽሑፍሽ የቀና ይሁንልኝ። ቅባቱን ገዝቻለሁ፤ የሚመጣ ሰው እያፈላለግኩ ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ አትቆጪኝ። ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የዓኒሳ ሱቅ ቀለም አለ፣ ደቻቱ አለ፣ የዚነት ልጅ ሠርግ አለ። ስለ ጋሼ ሽመክት ግን አንድ መስመር የለም። ሠርጉ ላይ እንኳ አላስገባሽውም። እሱ የሌለበት ሠርግ ደግሞ ከዚራ ውስጥ ተደርጎ አያውቅም። እዚህ የሚያስተምሩን አንድ ነገር ቢኖር፣ ሰው ከሚናገረው ይልቅ የዘለለውን ማየት ነው።

ጋሼ ደህና ነው?

የምሥራች


ድሬዳዋ፣ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ የምሥራች፤

ለጥምቀት እንኳን አደረሰሽ። ሁለት ወር ዝም ያልኩሽ ረስቼሽ አይደለም። ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ቀደድኩት። ዓኒሳም «እትዬ፣ ዛሬም ፎቶ የለም?» እያለች አስቸገረችኝ።

ጋሼሽ ደህና አይደለም።

ጥፋቱ የእኔ ነው። የመጀመሪያው ደብዳቤሽ የመጣ ቀን ምሳ እየበላን ነበር። ደስ ይበለው ብዬ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። ስለ ሆድሽና ስለ ምሳው ሲሰማ ሳቀ። ባቡር ጣቢያው ላይ ስደርስ ግን እጁን ከትሪው አነሳ። «ማንን ነበር የምትጠብቂው» የሚለውን ሳነብ ተነስቶ ታጠበና ጓዳ ገባ። ከዚያ ወዲህ ከቤት አልወጣም። ከጡረተኞቹ ጋር ዳማ ሊጫወት በየቀኑ ዛፉ ሥር የሚሄደው ሰውዬ፣ ሽርጡን አገልድሞ አልጋው ጫፍ ተቀምጦ ግድግዳ ሲያይ ይውላል። የሰጠሁትን ይበላል፣ የጠየቅኩትን በአንድ ቃል ይመልሳል። ቀኑን እንደዚያ ውሎ እንቅልፍ የሚባል የለውም። ለጥምቀት እንኳ ታቦት ሊያጅብ አልወጣም፤ በኖርንበት አርባ ዓመት የመጀመሪያው ነው። ጸበል ብለው «ምን ሆንኩ?» ሐኪም ብለው «አብጃለሁ?» ይለኛል።

የጠየቅሽኝን ነገር እኔ ልነግርሽ እችል ነበር። ግን የእሱ ነው፤ ከእሱ አፍ ብትሰሚው ይሻላል። ቅባቱ ይቆይ። ለእንቅልፍ የሚሆን ጥሩ ኪኒን ካለ በፍጥነት ላኪልኝ።

ተሻለች


ብራስልስ፣ ጥር 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ፤

አምላክ ያበርታሽ። ደብዳቤሽን አውቶቡስ ውስጥ አንብቤ መውረጃዬን አሳለፍኩ።

መጀመሪያ፣ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። ጠያቂዋ እኔ ነኝ። እኔ እዚህ ሶፋ ላይ ተጋድሜ፣ የሚያዳምጠኝ ሰው ከኋላዬ አስቀምጬ የቆፈርኩትን ነገር፣ እሱ የሚያዳምጠው ሐኪም ሳይኖር በምሳ ሰዓት ተቀበለው። ይህን ሳስብ ትምህርቱን ትቼ ልመጣ ቲኬት እስከማየት ደርሼ ነበር። ማዳም ኦዲል «ሄደሽ ምን ልታደርጊለት ነው?» አሉኝ። ቲኬቱን ተውኩት።

ኪኒን ያለ ሐኪም አልልክም፤ በዚህ አትዘኚብኝ። እኔም ላክመው አልችልም። የገዛ ሰውን ማከም ክልክል ነው። ክልክል ባይሆንም አልችልበትም፤ ገና ሳየው አለቅሳለሁ።

ግን አንድ ሰው አለ። ትምህርት ቤታችን በየወሩ ከተለያየ አገር የጤና ባለሙያዎች ጋር በኢንተርኔት ይገናኛል። ስለ በሽተኞቻቸው ያማክሩናል፣ እኛም ከእነሱ እንማራለን። ባለፈው ከፔሩና ከኡጋንዳ ቀጥሎ አንዱ «ኻሊፍ፣ ከድሬዳዋ» ሲል ከወንበሬ ልወድቅ ነበር። ሳቢያን ሰፈር አንድ ጤና ጣቢያ ውስጥ የአእምሮ ጤና ነርስ ነው። መምህራችን ስለ ሶፋው ሲያስረዱ እጁን አውጥቶ «የእኔ ክፍል አንድ አልጋ ብቻ ነው ያለው፣ እሱም ለክትባት ነው። እኔ ጥላ ሥር ሁለት ወንበር አድርጌ ነው የማወራው፤ ይበቃል?» ብሎ ጠየቀ። «ይበቃል» አሉት። ሰውዬውን ወደድኩት።

እሱን አነጋግሪው። ጋሼን ግን አታስገድጂው።

የምሥራች


ድሬዳዋ፣ የካቲት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

የተወደድሽ ልጄ፤

የጾሙ በረከት ይድረስሽ። ዛሬ ወሬዬ ብዙ ነው፣ ወረቀቱ ካነሰኝ በጀርባው አዙሬ እጽፋለሁ።

በባጃጅ ሳቢያን ሄድኩ። ኻሊፍን ሽማግሌ አድርጌ ጠብቄው ነበር፤ ሠላሳ አምስት ዓመት የሚሆነው፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሦስት ቋንቋ በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚናገር ልጅ ነው። ሁሉንም ነገርኩት። ኪኒን ይሰጠኛል ስል «ባለቤትሽ ምን ይወዳል?» አለኝ። የተበላሸ ነገር ይወዳል አልኩት፤ ምድር ባቡር ሠላሳ አንድ ዓመት ጥገና የሠራ ሰው ነው። ኻሊፍ ቀና ብሎ ጣራውን አየ። ከክረምት ጀምሮ ቀጥ ብሎ የቆመ ቬንትሌተር ተንጠልጥሏል። ክፍሉ ደግሞ እሳት ነው።

በማግሥቱ ዓኒሳ ቤት መጥታ ለጋሼሽ «ጤና ጣቢያ ውስጥ በሽተኛ በሙቀት እያለቀ ነው፣ ሠሪ ጠፋ» አለችው። እኔ ሽንኩርት ስከትፍ ቀና አላልኩም። ሽርጡን አጥብቆ ከጓዳ ወጣ። ከዚያ «ሞተሩ ነው ክንፉ?» አለ። ዓኒሳ ምን ታውቃለች፤ «ሁለቱም» አለች።

ማክሰኞ ሱሪ ለብሶ፣ የመሣሪያ ሣጥኑን ይዞ ወጣ። በሩን ዘግቶ ሲሄድ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ሲመለስ ምኑ ነው ብለው «ሁለት ብሎንና አንድ ሽቦ» አለኝ። አለቀ ማለት ነው ብዬ አዘንኩ። በሚቀጥለው ማክሰኞ ግን ሣጥኑን አነሳ። «አልጨረስከውም?» «መመርመር ይፈልጋል።» በሦስተኛው ማክሰኞ «ሚዛኑ ልክ አይደለም» አለ። ከትናንት በስቲያ አራተኛው ነበር። እኔ ሞኝ አይደለሁም፤ ይህ ሰውዬ የባቡር ሞተር በሁለት ቀን ፈትቶ የሚገጥም ነው። ዝም አልኩ። ኻሊፍም ዝም ብሏል። ቬንትሌተሩም ዝም ብሏል።

አሁን ሌሊቱን ይተኛል። እንዲያውም ስለሚያንኮራፋ እኔ ነኝ የማልተኛው። ትናንት ዛፉ ሥር ወጥቶ ዳማ ተጫውቶ ተሸነፈ፣ ተናድዶም ገባ። ንዴቱን ሳይ እንዴት ደስ እንዳለኝ።

ኪኒኑ ይቅር። እሱ ግን በአፉ ሳይሆን በእኔ በኩል አንድ ነገር አዞሻል፤ ለረቂቅ ሥራ የሚሆኑ ትንንሽ ካቻቢቴዎች ከነሣጥናቸው። ምን ሊያደርግባቸው እንደሆነ አልጠየቅኩም።

ተሻለች


ድሬዳዋ፣ መጋቢት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለየምሥራች ሣህሉ፤

ከሁሉ አስቀድሞ የእግዚአብሔር ሰላም ላንቺ ይሁን። እኔ ሽመክት ነኝ። ደብዳቤ ከጻፍኩ ሃያ ዓመት አልፎኛል፤ የምጽፈው የጥገና ሪፖርት ብቻ ነበር፤ ቢመስልብኝ ይቅርታ አድርጊልኝ።

የጠየቅሽው ጥያቄ ነበር። መልሱ ይኸው።

በ1992 ዓ.ም. አባትሽ ለሥራ ጅቡቲ ወርዶ ነበር። በሦስተኛው ቀን ልቡ ቀጥ አለ። ወርጄ እዚያው ቀበርኩት። አንቺን በለቅሶው ሰሞን መልካ ጀብዱ፣ የሥራ ባልደረባዬ ኦብሲዬ ቤት ልከንሽ ነበር። ሽማግሌዎቹ መርዶውን ለልጅቷ ቀስ ብለን እንነግራታለን አሉ። የምነግረው እኔ ነበርኩ።

በአሥራ አምስተኛው ቀን ልወስድሽ መጣሁ። ግመል ሥር ቆመሽ አየሁሽ። ያዘጋጀሁት ቃል ጠፋኝ። «አባትሽ ጅቡቲ ሥራ በዝቶበታል፣ ይመጣል» አልኩሽ። ትክ ብለሽ አየሽኝና «እሺ ጋሼ» አልሽ። ባቡር በሚገባበት ቀን ራስሽ መጥተሽ እጄን ያዝሽ። «ጣቢያ እንሂድ?» አልሽኝ። ሄድን። ፈጢራ ገዛሁልሽ። ሰዉ ወርዶ እስኪያልቅ ቆምን። «ዛሬም ሥራ ይዞታል» አልኩሽ። «እሺ ጋሼ።» እንዲህ እያልን አንድ ዓመት ከአራት ወር ሄድን። በየቀኑ ዛሬ እነግራታለሁ እላለሁ፤ በየቀኑ ፈጢራ ገዝቼ እመለሳለሁ። አንድ ቀን «የቤት ሥራ አለኝ፣ አልሄድም» አልሽ። ማን እንደነገረሽ አላውቅም። ልጅቷን ተስፋ ያስቆረጥኩ እኔ ነኝ ብዬ ኖርኩ። መርዶ ቀን ይዘገያል፣ ሳምንት ይዘገያል፤ ሃያ አምስት ዓመት ግን አይዘገይም።

ይህን ለኻሊፍ የነገርኩት መሰላል ላይ ሆኜ ነው። እሱ ከታች መሰላሉን ይዟል። ፊቱን ስለማላየው መሰለኝ አፌ ተፈታ። በእኛ ሁዳዴ በእነሱ ረመዳን፣ ሁለት ጿሚ በዚያ ሙቀት ቆመን ነው። እሱ አዴር ነው የሚለኝ፤ በሶማሊኛ የአባት ወንድም ማለት ነው።

«አዴር፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለኝ።

«ጠይቅ።»

«ጣቢያ የምትሄደው ለልጅቷ ነበር ወይስ ለራስህ?»

«ለልጅቷ ነዋ።»

«እሷ ቀረች። አንተስ ቀረህ?»

አልቀረሁም ነበር፣ የምሥራች። አንቺ ከተውሽ በኋላ ብቻዬን እሄድ ነበር። ይህን ተሻለችም አታውቅም። የቀበርኩት እኔ ነኝ፣ አፈሩን ያለበስኩት እኔ ነኝ፤ ግን አንቺ እንዳታውቂ ስጠነቀቅ አንድ ቀን ቁጭ ብዬ አላለቀስኩለትም። ወንድሜ እኮ ነበር። መሰላሉ ላይ አለቀስኩ። ኻሊፍ አላጽናናኝም፣ አይዞህም አላለኝ፤ መሰላሉን ብቻ አጥብቆ ያዘ።

ትናንት ዘጠነኛው ማክሰኞ ነበር። ቬንትሌተሩን አስነሳሁት። በመጀመሪያው ቀን ይነሳ ነበር፤ እሱም ያውቃል።

ዋሽቼሻለሁ። ይቅር በይኝ።

ጋሼሽ ሽመክት


ብራስልስ፣ መጋቢት 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአባቴ ለጋሼ ሽመክት፤

ሺህ ዓመት ኑርልኝ። ደብዳቤህ በደረሰኝ ሰዓት ልመልስልህ ተቀመጥኩ፤ እንባዬ ስላላስጻፈኝ ሁለት ቀን አለፈ።

ማን ነገራት ብለህ ሃያ አምስት ዓመት የጠየቅከውን እኔ ልንገርህ። ደብዳቤህን ሳነብ ነው ሁሉም የመጣልኝ። የኦብሲዬ ልጅ ደሄቦ ናት። መልካ ጀብዱ በገባሁ በሁለተኛው ሳምንት፣ ውሃ ልንቀዳ ስንሄድ «አባትሽ እኮ ሞቷል፤ እናቴ ስታለቅስ ሰማሁ» አለችኝ። ጀሪካኑን እየገፋን ተመለስን።

ከዚያ አንተ መጣህ። «ይመጣል» አልከኝ። ፊትህን አየሁት። ጋሼ፣ እኔ ያኔ ያሰብኩት ምን መሰለህ? አንተ ያልሰማህ መሰለኝ። ትልልቅ ሰዎች ተደብቀው የሚያለቅሱት ላንተ ላለመንገር መሰለኝ። እንዴት አድርጌ ልንገርህ? የስድስት ዓመት ልጅ ለትልቅ ሰው መርዶ ይነግራል? ስለዚህ ባቡር ሲመጣ ብቻህን እንዳትሄድ እጅህን ያዝኩ። ሰዉ ወርዶ ሲያልቅ ፊትህ እንዴት እንደሚሆን አውቅ ነበር፤ ለዚያ ነው ቶሎ «እሺ ጋሼ» የምልህ። አንድ ቀን ግን ከጎረቤት ጋር ስታወራ «ነፍሱን ይማር» ስትል ሰማሁ። በቃ፣ ሰምቷል አልኩ። በማግሥቱ የቤት ሥራ አለኝ አልኩህ። ተስፋ ቆርጬ አልነበረም። ሥራዬን ጨርሼ ነው።

ትናንት ያንተን ደብዳቤ ተርጉሜ ሳነብላቸው ማዳም ኦዲል መጀመሪያ «ልጅን እንዲህ መዋሸት ጭካኔ ነው» ብለውኝ ነበር። ስለ መርዶ፣ ስለ ሽማግሌዎቹ፣ መጥፎ ወሬ በእኛ አገር እንዴት ተመክሮበት እንደሚነገር አስረዳኋቸው። ብዙ ጠየቁኝ። በመጨረሻ ማንን ነበር የምትጠብቂው የሚለውን ጥያቄያቸውን መለስኩላቸው። በፈረንሳይኛ አልሆንልኝ ብሎ በአማርኛ አልኩት፤ ከዚያ ፍቺውን ነገርኳቸው። በእኛ ቋንቋ የሚመጣን ሰው የሚጠባበቅም ይጠብቃል፣ አደጋ እንዳይደርስ የሚከላከልም ይጠብቃል። እኔ ጣቢያው ላይ አባቴን አልነበረም የምጠብቀው። አንተን ነበር። አንተም እኔን። ሴትዮዋ ከኋላዬ መነጽራቸውን ሲያነሱ ሰማኋቸው።

ይቅርታ አልከኝ። ፈጢራ እየገዛህልኝ ነው ያሳደግከኝ፣ ምኑን ነው ይቅር የምለው?

አንድ ነገር ግን እለምንሃለሁ። ሐምሌ ላይ ፈተናዬን ጨርሼ እመጣለሁ። ሦስታችን ጅቡቲ እንውረድ። መቃብሩን አሳየኝ።

ልጅህ የምሥራች


ድሬዳዋ፣ ሚያዝያ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለየምሥራች፤

ትንሣኤውን ያሳየን አምላክ ዓይን ለዓይን ያገናኘን። ለፋሲካ ኻሊፍ ከነባለቤቱ ቤታችን መጣ፤ ለብቻው ያሳረድነውን አቀረብንለት፣ እሱም አንድ ትልቅ ሳጥን ጣፋጭ ሙሸበክ ይዞልን መጣ፣ ከኢድ የተረፈ ነው ብሎ ዋሸ፤ ትኩስ ነበር።

ጋሼሽ ደብዳቤሽን ጓዳ ገብቶ ብቻውን አነበበው። በሩን ዘግቶ ቆየ። እኔ ደግሞ እንደገና ገባ ብዬ ከበሩ ውጭ ቆምኩ። በኋላ ሳቁን ሰማሁ። «ተሻለች፣ ነይ ስሚ፤ እኔ ያልሰማሁ መስሏት እኮ ነው» እያለ ወጣ። ሳቀ፣ አለቀሰ፣ እንደገና ሳቀ። ከዚያ ተቀምጠን የሣህሉን ነገር እስኪመሽ አወራን። የተጣላነውን፣ የሳቅንበትን፣ ጥርሱን ሲነቅል የጮኸውን ጩኸት ሁሉ።

ከዚያ ወዲህ ግን ችግር መጣ። ሰውዬው ዝም ማለት ተወ። ዛፉ ሥር ያወራል፣ ዓኒሳ ሱቅ ያወራል፣ ባጃጅ ውስጥ ለማያውቀው ሰው ያወራል። ጤና ጣቢያ ማክሰኞ ማክሰኞ ጥላው ሥር አምስት ጡረተኞች ሰብስቦ የተበላሸ ሬዲዮ እያስጠገናቸው ነው፤ በላክሽው ካቻቢቴ። ሬዲዮው መቼም አይሠራም። ወሬው ግን ይሠራል፤ ኻሊፍ ራሱ ወንበሩን ወደ እነሱ አስጠግቶ ያዳምጣል። ማታ እኔ ጸሎት ላደርስ ስል «ሌላ ትዝ አለኝ» ይላል። አንዲት ዝም የምታሰኝ ሐኪም እዚያ ካለች ጠይቂልኝ።

ለጅቡቲው ፓስፖርት ለሁለታችንም አመልክተናል። ፎቶ ስንነሳ «አትሳቁ» ብለው ሦስት ጊዜ መለሱት።

አሁን የእኔን ልንገርሽና ላብቃ። ባለፈው ሳምንት ለምስጋና ኻሊፍ ዘንድ ሄጄ ነበር። ቬንትሌተሩ ይዞራል፣ ነፋሱ ደስ ይላል። ተቀመጪ አለኝ፣ ተቀመጥኩ። «አንቺስ?» አለኝ። እኔ ምን እሆናለሁ፣ ደህና ነኝ አልኩት። ወንበሩን ወደ እኔ አስጠጋ። ስነሳ ግን፣ እንዴት እንደሆነ ሳላውቀው፣ ለሐሙስ ቀጠሮ ያዝኩ።

ምን እንደምነግረው አትጠይቂኝ። ጋሼሽም ጠይቆ አልነገርኩትም። ይህኛው የእኔ ነው።

እናትሽ ተሻለች